ጨጓራ ያልነው ጉበት

በጉለሌ የተከበረ በሽታ አንድ ብቻ ነው... ጨጓራ! ሌላውን በሽታ ሁሉ ወሬ ይከተለዋል። ሳምባ ካላችሁ ሰው ወንበሩን ያርቃል። ስኳር ካላችሁ «በዚህ ዕድሜ?» ትባላላችሁ። ጨጓራ ግን የጨዋ ሰው ሕመም ነው። ቤት የሚያስተዳድር፣ ሐሳብ ያለበት፣ ቁም ነገረኛ ሰው የሚታመመው። እኛ ሰፈር ጨጓራ የሌለበት ትልቅ ሰው ገና እንዳልበሰለ ይቆጠራል። እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ሆዴን ደገፍ አድርጌ «ኧረ ጨጓራዬን...» ማለት የጀመርኩት አሞኝ አይደለም። ሰው ለመምሰል ነው።

ወንድሜ ታደሰም ጨጓራ ነበረበት። እ... ማለቴ፣ አለበት ይባል ነበር። እንዲባል ያደረገውም ራሱ ነው። እውነቱን የምናውቀው እሱ፣ ሚስቱ ሰናይትና እኔ ብቻ ነበርን። እስቲ ከቅዳሜው ልጀምርላችሁ፤ ከመጨረሻው ደህና ቀን። ደህና ቀን መሆኑን ያወቅነው ግን ካለፈ በኋላ ነው።

ታደሰ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ወረድ ብላ ነው ያለችው። እሱ ከውስጥ የስፌት መኪናውን ያንቀረቅባል፤ እኔ መስኮቷ ሥር ተቀምጬ ስልክ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘነበች መጡ። እትዬ ዘነበች የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ በዚያውም የሰፈሩ የጨጓራ ሐኪም ናቸው። ትምህርቱን የቀሰሙት ከራሳቸው ጨጓራ ነው። በእጃቸው ለጋ ቅቤ በስኒ ይዘዋል።

«ታዴ! ጨጓራህስ እንዴት አደረ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ ዛሬ ተሽሎኛል።»

«መቼም በእኔ ቅቤ ነዋ! እንካ፣ ይቺን በባዶ ሆድህ ዋጣት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቁርሴን በልቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ታዲያ ሆድህ ባዶ ነዋ! ዋጥ!»

ታደሰ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት የአንድ ደንበኛ ስልክ ውስጥ በጣም የሚያሳስብ ነገር አገኘሁ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። እትዬ ዘነበች ቦርጩን እንደ ሕፃን ራስ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየኸው? ያ ጠፍቶ የነበረው ሆድ ይኸው ተመለሰ! አሁን ሰው መሰለ!»

እውነታቸውን ነው፤ ሆዱ ተመልሶ ነበር። ብቻ... በዚያ ሆድ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው። ጉበት ሥራ ሲያቅተው ውሃ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ክንዱማ ኮቱ ውስጥ ቀጥኖ ቀጥኖ፣ እጅጌውን አጥብቦ ነበር የሚለብሰው። ሰፈራችን ግን ሰውን የሚያየው ከፊት ለፊት ነው፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ቦርጭ አለ። ቦርጭ ካለ ጤና አለ። በቃ።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ልንገራችሁ።

ወንድሜ በወጣትነቱ እንደ ዘንጋዳ አገዳ የቀጠነ ሰው ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ሱቅ ከፈተ፣ ሰናይትን አገባ፣ ሞላ ሞላ አለ። ሰፈሩ ደስ አለው! «ተመችቶሃል!» «አምሮብሃል!» «ሰናይት፣ እጅሽ ይባረክ!» እንግዲህ እንዲህ እየተባለ የማይወፍር ማን ነው? ለደንበኛ ሱሪ ሲሰፋ ከኋላ ትንሽ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ለራሱ ሲሰፋ ግን ሌላ ሱሪ የሚወጣው ትርፍ ነበር የሚተወው። ፋሲካ ሲያልፍ ትንሽ ይለቃል፤ ገና ሲያልፍ ትንሽ ይለቃል። የሰፈሩም ወንድ ሁሉ ሱሪውን ሊያስለቅቅ እሱ ጋ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ወገብ እያየ «አንተማ ገና ነህ!» ይባባላሉ። 

አልኮል ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ይህን ያዙልኝ። ሰርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ ጓደኞቹ ድራፍት ሲጨብጡ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለእኔ ለስላሳ!» ይላል። አጠገባችን ያለው ባለሱቅ ሱልጣን፣ «በዚህ ሰፈር የእኔና የታዴ ጉበት ብቻ ነው ንጹሕ» እያለ ለስላሳውን ከፍሪጅ ያወጣለታል። ሁለት ንጹሕ ሰዎች ሳጥኑን ያጋምሱታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድካም ድካም ሲለው ጳውሎስ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት። አልትራሳውንድ አነሳችው፣ ደሙን አየች፣ እንደገና አየች።

«ጉበትዎ ላይ ስብ ተጠራቅሟል» አለችው። «ይጠጣሉ?»

ወንድሜ ከአልጋው ላይ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «እኔ? ጠይቂ! ጉለሌን ሙሉ ጠይቂ!»

«እሺ። ታዲያ ምን ይጠጣሉ?»

«ለስላሳ።» ይህን ሲል ደረቱን ነፋ።

«በቀን ስንት?»

«ኧረ ብዙም አይደል... ከቁርስ ጋር፣ ከምሳ ጋር። ከዚያ ደንበኛ ሲመጣ አብሬ እጠጣለሁ።»

«ደንበኛ በቀን ምን ያህል ይመጣል?»

«ኦ! ሥራ እንኳ ሞልቷል!»

ሥራው እየከሰሰው መሆኑ የገባው ቆይቶ ነው። ዶክተሯ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችን። ሰውነት የተረፈውን ሁሉ፣ ስኳሩንም ቅባቱንም፣ ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጣል። ማስቀመጫው ሲሞላ ስቡ ጉበት ውስጥ መከመር ይጀምራል። ጉበት ደግሞ ለስብ መጋዘንነት አልተፈጠረም፤ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ቁስሉ ይድንና በቦታው ጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ሥራ አይሠራም፤ ቦታ መያዝ ብቻ ነው። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ጉበቱ ይደርቃል።

«እርስዎ ጋ ጠባሳው ጀምሯል» አለች።

«ግን እኮ አያመኝም!»

«ጉበት እንዲህ ነው፤ እስኪያቅተው ድረስ ድምፁን አያሰማም።»

ታደሰ ጣቱን በአልጋው ጨርቅ ስፌት ላይ እያስኬደ አሰበ። «ማለት... ሸሚዝ ሲቀደድ እንጥፈዋለን። በጣፍነው ላይ ደግሞ እንጥፋለን። አንድ ቀን ስናየው ሸሚዙ የለም፤ ድሪቶ ነው የቀረው።»

«እንደሱ ነው። ስለዚህ መቀደዱን እናቁም። ስቡ ሊወርድ ይችላል። ለስላሳውን ይተዉ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ ክብደት ይቀንሱ።»

ስንወጣ ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለማንም እንዳትናገር።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ጉበቱን ነዋ! ጉበት ካልን ጠጪ ነው የሚሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እየጠጣ እኔ ለስላሳ ታቅፌ ተቀምጬ፣ አሁን ጠጪ ልባል?»

«ዶክተሯ እኮ ከመጠጥ አይደለም ብላለች።»

«ዶክተሯ ጉለሌ ትኖራለች?»

አትኖርም።

ወንድሜ ግን ሰነፍ ሰው አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት ስኒከር አድርጎ ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ዳገቱን ተያያዘው። መጀመሪያ ላይ ዛፍ ሁሉ እየተደገፈ ነበር የሚወጣው፤ ስማቸው በሳይንሳዊ አጠራር የተጻፈባቸውን ዛፎች በላብ አጥምቋቸዋል። ለስላሳውን ተወ። ቅቤውን ተወ። ወራት ሲያልፉ አንገት አወጣ! ሱሪዎቹን አንድ በአንድ አጠበበ። ዶክተሯም ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ።

ሰፈሩ ግን ደነገጠ።

«ታዴ፣ ምነው? ምን ሆንክ?» «ኧረ ጠቆርክ!» «ከሳህ እኮ! ተመርምረሃል?» አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ሌላ በሽታ ይጠረጥርለታል። ሱልጣን እንኳ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ታዴ፣ ለስላሳም ተውክ። ተቀየምከኝ እንዴ?» አለው። ከሁሉ የባሰው የሰናይት ነበር። ገበያ በወጣች ቁጥር «ባልሽን ምን እያበላሽው ነው?» ትባላለች። እንግዲህ አስቡት፤ ሚስት ባሏን በማክሳት የምትከሰስበት አገር ነው። አንድ ቀን አልቅሳ ገባች። «ወይ ውፈር፣ ወይ ተናገር!» አለችው።

ያኔ ነው እትዬ ዘነበች ቤት ዝክር የተጠራነው። ዶሮ ወጡ ላይ ቅቤው ሐይቅ ሠርቷል። እትዬ ዘነበች የጠፍር አልጋ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ወንድሜ መጡ። ወንድሜ ወደ ኋላ ሸሸ። እሳቸው ተከተሉት። ግድግዳው ጋ ደረሰ። ቤቱ ሁሉ ያያል... የትልቅ ሰው ጉርሻ እምቢ ሊባል ነው!

«ጨጓራዬን!» ብሎ ጮኸ ታደሰ።

ቤቱ ተነፈሰ። «ውይ! ጨጓራ ነው እንዴ?» «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረን!» «እኛ ደግሞ ስንት ነገር አስበን!» አጨበጨቡለት ማለት ይቻላል። ሰናይት ጨዋ ሚስት ተባለች። ወንድሜም ተከብሮ ገባ።

መከበሩ ግን አልበጀውም፤ ከማግሥቱ ጀምሮ መድኃኒቱ ይጎርፍ ጀመር። ለጨጓራ ምን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ፤ ለጋ ቅቤ በባዶ ሆድ። ትኩስ ወተት ከነስልባቦቱ። አብሽ በማር። ሽሮና በርበሬ «ይቆርጥሃል» ተብሎ ተከለከለ፤ በምትኩ አልጫ ክትፎ ለብ ብሎ ይምጣ ተባለ። ለጉበቱ የቀረችው አንዲት ወዳጅ ጾም ነበረች። እሷንም «ጨጓራ ያለበት ሰው አይጾምም» ብለው አስፈቱት። ሰፈሩ ወንድሜን በየተራ፣ በፍቅር፣ እንደ ፋሲካ በግ ቀለበው። 

እምቢ እንዳይል... ምን ብሎ? «ይህ ለጉበት አይሆንም» ቢል ጉበቱ ከየት መጣ? ለመጀመሪያው ውሸት ሌላ ውሸት አላገኘለትም። ሰፊ ነበር እንጂ ውሸታም አልነበረም። ዋጠው። ጠዋት ጠዋት መራመዱንም «ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ዳገት ይወጣል?» ብለው ከበር መለሱት። ዶክተሯ ጋ በሄድን ቁጥር ፊቷ ከበፊቱ ጠቆር ይላል። ጠባሳው አልቆመም ነበር። ኋላ ላይ ሆዱ ውሃ መያዝ ሲጀምር ሰፈሩ «ተመስገን፣ ተመለሰ!» አለ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ቀን ነበር። ሱቁን ስንዘጋ ወንድሜ የብረት በሩን ይዞ ቆመ።

«አንተ...» አለኝ። «ብነግራቸውስ?»

«ንገራቸዋ ጋሼ።»

«አንዴ ጠጪ ካሉኝ ማን ያወርድልኛል?»

«እኔ አወርድልሃለሁ።»

«አንተ?» ሳቀ። «አንተ ሰው ፊት አራት ቃል መናገር ትችላለህ?»

አልችልም። እውነቱን ነው። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ዜና እንዳነብ ወጥቼ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ካልኩ በኋላ የቀረውን ያነበበልኝ መምህሩ ነው።

እሑድ ምሳ በልተን እንደተነሳን ወንድሜ «ሆዴን...» አለ። ከዚያ ደም አስታወከው። ብዙ ደም። ሱልጣን መኪናውን አስነሥቶ ሆስፒታል አደረሰን። የሆስፒታሉ ሐኪም በኋላ ነገረኝ፤ ጉበት በጠባሳ ሲዘጋ ደሙ መንገድ ያጣል፣ በጉሮሮ በኩል ያሉ የደም ሥሮችን ያሳብጣል፣ ሥሮቹ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ለማቆም ሞክረዋል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ሰናይት ጫማዋን የት እንዳወለቀች አላወቀችም። ከሰዓት በኋላ... በቃ። ታደሰ አረፈ።

አትዘኑብኝ፤ ስለዚያች ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አንድ ነገር ግን ጠየቅሁት ሐኪሙን። «ትናንት ቅቤ ውጦ ነበር፤ እሱ ነው?» አልኩት። «የአንድ ቀን ቅቤ አይገድልም» አለኝ። «ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሰኞ፣ ድንኳኑ በራችን ላይ ተተክሎ ነበር። እትዬ ዘነበች ደረታቸውን ይመታሉ። «ታዴ! ጨጓራ በላብኝ! ምነው ቅቤውን ጨምሬ በሰጠሁት! ምነው በቀን ሁለቴ ባደረግሁት!» ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ይነጋገራሉ።

«ጨጓራ አይደለም አሉ። ሆስፒታሉ ጉበት ነው ብሏል።»

«ጉበት? ታዴ? እንዴ... ይጠጣ ነበራ!»

«በድብቅ ነዋ። ያ ለስላሳ ምን ተቀላቅሎበት እንደነበር ማን ያውቃል?»

ሱልጣን ሰማቸው። «ወላሂ እኔ የሸጥኩለት ለስላሳ ብቻ ነው!» አለ፤ እንባውን እየጠረገ። ይህን ብሎ ያባሰው ይመስለኛል። መሐላ ሲገባ ሰው ይጠራጠራል።

የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ። ጋሽ ወርቁ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ቀድሞ ሆዳቸው ነው ድንኳን የሚገባው።

«የሕይወት ታሪኩን ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ ጋሽ ወርቁ።»

«አምጣ እስቲ። ተወለደ... ጥሩ። ተማረ... ጥሩ። በልብስ ስፌት ሙያ ሕዝብን አገለገለ... ቆንጆ! ይቺ ምንድን ናት? የሞተበትን ምክንያት አትጻፍ። ‹ባደረበት ሕመም› በልና እለፈው።»

«ሕመሙ እኮ ስም አለው።»

«ቀብር ላይ ሕመም ስም የለውም ልጄ።»

«ስም ካላወጣንለት ሰዎቹ እያወጡለት ነው፤ ጠጪ እያሉት ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ጨጓራ ነው እያሉ ነው። ነገ ‹ጨጓራዬን› የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ ያንኑ ስኒ ይዘው ይሄዳሉ።»

ጋሽ ወርቁ ትከሻዬን ያዙኝ። «ስማ፣ ታዴን ወደነዋል። በክብር እንሸኘው። አንተ ደግሞ... መናገርም ያስቸግርሃል፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ይሻላል።»

«እኔ ነኝ የማነበው» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጸሎቱ አለቀና ጠሩኝ። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል፤ ግማሹ የወንድሜን ስፌት የለበሰ ነው። ተወለደ አልኩ። ተማረ አልኩ። ሰፋ አልኩ። ‹ባደረበት ሕመም› የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጋሽ ወርቁ ከፊት መስመር ሆነው በዓይናቸው «ቀጥል» አሉኝ።

«ወንድሜ...» አልኩ። «እ... ወንድሜ ጠጪ አልነበረም። ጠብታ አልቀመሰም። ጨጓራም አልነበረበትም። እሱ ነው ጨጓራ ያላችሁ፤ ጠጪ እንዳትሉት ፈርቶ። የሞተው በጉበት ነው። ጉበቱ ላይ ስብ ነበረ። ስቡ ቁስል ሆነ፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆነ፣ ጠባሳው ጉበቱን አደረቀው። ከለስላሳ ነው፣ ከቅባት ነው፣ ከመቀመጥ ነው። ያመማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አያምም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ቅቤ አይደለም። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የብዙ ዓመት ነው፣ የብዙ ሰው እጅ ነው፤ የእኔም የሰናይትም አለበት። እሱም ሊያስከፋዎት ስላልፈለገ ነው የዋጠው። ብቻ... ከእንግዲህ የከሳ ሰው ስታዩ አትደንግጡ። ቦርጭ ያለውን ሰው ስታዩ ‹ተመቸህ› ከማለታችሁ በፊት ‹ተመረመርክ ወይ?› በሉት።»

ይህን ስል ሳላስበው ዓይኔ ከሰው ሰው ዞረ። ልብ በሉ፣ ማንንም አልጠቆምኩም! ግን ከፊት መስመር ጋሽ ወርቁ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ወደ ፊት ሳቡ። አጠገባቸው ያለው ኮቱን ቆለፈ። ሱልጣን እጁን ሆዱ ላይ አጣጠፈ። ቄሱም ቢሆኑ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ የጉለሌ ወንድ በሙሉ፣ ከፊት እስከ አጥሩ ድረስ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበና ትንፋሹን ያዘ።

ለአንድ አፍታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማይተነፍሰው ወንድሜ ብቻ አልነበረም።